ለፀሐይ ፓነል የሚውለው ገለልተኛ ሲሊኮን ማሸጊያ፦ የጥራት ግምገማ

ስለ ፀሐይ ፓነል ጥራት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚመረመሩት ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት የሲሊከን ሴሎች ብቻ ናቸው። ሆኖም ፓነሉ ከ20 ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ችሎ እንዲያገለግል የአሉሚኒየም ፍሬሙን ከመስታወቱ፣ የሽቦ መገናኛ ሳጥኑንም ከጀርባው ሽፋን ጋር የሚያያይዘው ሲሊኮን፣ ማለትም ጎማ መሰሉ ማሸጊያ፣ ያን ያህል ትኩረት ይገባዋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን፣ ሳይደባለቅ ከቱቦው በቀጥታ የሚቀባውን ገለልተኛ (ሲደርቅ አሲድ የማይለቅ) ሲሊኮን ተጠቅሜበት ረክቻለሁ።

ሴሉም ሲሊኮኑም መነሻቸው አንድ ነው። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ከካርቦን ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር ሲሊከን ይወጣል፤ ከዚህ ከፊሉ እጅግ ተጣርቶ ለሴል ሲውል፣ ሌላው መዳብ ባለበት ሜቲል ክሎራይድ ከተባለ ጋዝ ጋር ተዋህዶ፣ ቀጥሎም ከውሃ ጋር ኬሚካላዊ ለውጥ አካሂዶ ወደ ሲሊኮን ይለወጣል። ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሚሠሩት ሰንሰለት ጽኑ በመሆኑ፣ ሌሎች ማጣበቂያዎች በፀሐይ ጨረር ደርቀው ሲሰነጣጠቁ ሲሊኮን እንደ ጎማ እየተለጠጠ ይቆያል፤ መስታወትና አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፉት በተለያየ መጠን ስለሆነ ይህ ባሕርይ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግን ሲደርቅ አሲድ አለመልቀቁ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ርካሽ ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ የኮምጣጤ ሽታው የሚመጣም ከዚሁ ነው። ይህ አሲድ መዳብንና ሌሎች ብረቶችን ስለሚበላ፣ በሽቦ መገናኛ ሳጥን አካባቢ መጠቀሙ በገዛ እጅ ዝገት መጋበዝ ነው። ገለልተኛው ዓይነት እንደ አሠራሩ አልኮል ወይም ኦክሲም የተባለ ውህድ ስለሚለቅ ለብረቱ የተሻለ ደኅንነት ይሰጣል፤ ቢሆንም ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት።

እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ወስዶ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በመሆኑ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርቀው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ላዩ ደርቋል ብሎ ፓነሉን ማንቀሳቀስ ገና ያልጠናውን ውስጠኛ ክፍል ያላቅቃል። ፖሊኢትሊን በተባለው ፕላስቲክ ላይም በደንብ አይጣበቅም፤ ቅባት ወይም አቧራ ያለበት ገጽም ሳይጸዳ መቀባት የለበትም።

ዋጋው ከተራው ቢበልጥም ለፓነል ሥራ ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ። ገዢው በቱቦው ላይ ገለልተኛ መሆኑ መጻፉንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ያረጋግጥ፤ ጊዜው ያለፈበት ሲሊኮን ጨርሶ ላይጠነክር ይችላል።