ዴዘርት ኢግል ይገዛ ወይስ ይቅር? ከሁለት ሽጉጦች ጋር ስናስተያየው

አሜሪካ ያሉ ኢላማ ተኩስ የሚወዱ ወዳጆቼ ስለ አንድ ሽጉጥ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ስለ ባለ ሃምሳው (ጥይቱ ግማሽ ኢንች የሚወፍረው) ዴዘርት ኢግል። ዋጋው አይቀመስም። አዲሱ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ እንደ ቀለሙ ከዚያም ያልፋል። ያዋጣል ወይ?

እኔ መጀመሪያ የያዝኩት መተኮሻ ቦታ ተከራይቼ ነው። ባዶውን 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘህ ክንድህን ዘርጋ፤ እንደዚያ ነው። እጀታው ወፍራም ስለሆነ ጣቴ ቃታው ላይ የደረሰው በግድ ነው። የመጀመሪያዋን ስተኩስ እሳቱ ከአፈሙዙ ቦግ አለ፤ ድምፁ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ሦስተኛዋ ላይ እጄ ላላ ሲል ቀለሁ ተቀርቅሮ ቀረ። ብዙዎቹ ሽጉጦች በእርግጫ ሲሠሩ ይሄ እንደ ጠመንጃ በጋዝ ግፊት ነው የሚሠራው። ግን እሱም ጠበቅ ያለ እጅ ይፈልጋል። መዳብ ያልለበሰ የእርሳስ ጥይትም አይስማማውም፤ እርሳሱ የጋዝ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ኪስ የሚጎዳው ግን ጥይቱ ነው። አንዷ 2 ዶላርና ከዚያ በላይ ታወጣለች። በወር 50 ብትተኩስ በዓመት ከ1,200 ዶላር በላይ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጥይቱ ከሽጉጡ ይበልጣል ማለት ነው። ካዝናው የሚጎርሰው ደግሞ 7 ብቻ ነው።

ትልቅ ካሊበር (ወፍራም ጥይት) ከሆነ የምትፈልገው፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 629ን እይ። ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ ነው፤ ፎርቲ ፎር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይተኩሳል። ዋጋው የዴዘርት ኢግልን ግማሽ ያህል ነው። የማግነሙ እርግጫ ሲከብድህ በዚያው ሽጉጥ ለስለስ ያለውን ፎርቲ ፎር ስፔሻል ትተኩሳለህ። ካዝና የለው፣ የሚቀረቀር ቀለህ የለው። እኔ ይሄን በጣም እወደዋለሁ።

ሌላው አማራጭ፣ ግሎክ 20 የሚባለው ሽጉጥ፣ ዐይን አይስብም። ግን 10 ሚሊሜትር ጥይት 15 ይጎርሳል (አንዳንድ ስቴቶች ከ10 በላይ አይፈቅዱም)። ባዶውን አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ድብ ባለበት ጫካ ለሚሄድ ሰው ከሦስቱ የምመክረው እሱን ነው።

ለቤት ጥበቃ ብለህ ዴዘርት ኢግል የምትገዛ ከሆነ ግን እባክህ ተው። የአፓርታማ ግድግዳ ስስ ነው፤ ከጀርባው የጎረቤት ልጅ ተኝቶ ይሆናል። ሌላውም ጥይት ግድግዳ ይበሳል፤ ይሄ ግን ከባድ ነው፣ ስትስት ደግሞ ቶሎ መልሰህ ማነጣጠር አትችልም። የትኛውንም ብትገዛ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ መቆለፊያ ሳጥኑን አብረህ ግዛ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የመጣ ግን በአብዛኛው አይፈቀድለትም። መግዛት ለማይችል ጓደኛ ብሩን ተቀብለህ በስምህ መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ጓደኝነቱ የቱንም ያህል ቢጠብቅ እሺ አትበል።

ጥይቱ የማያሳስብህ፣ ሌላ ሽጉጥ ያለህና አሠራሩ የሚማርክህ ከሆነ ግን ግዛው። አፈሙዙንና ካዝናውን ብቻ ቀይረህ ፎርቲ ፎር ማግነም መተኮስም ትችላለህ፤ ጥይቱ ይረክሳል። ከዚያ በፊት ግን ተከራይተህ አንድ ፓኮ፣ 20 ጥይት፣ ጨርስበት። አሥረኛዋ ላይ እጅህ ዝሎ ማስቀመጥ ካማረህ፣ አከራዮቹን 629ኙን ጠይቃቸው።