ኢቲሞንላይን በአንድ ግስ ሲፈተን፦ «ስትሩ»

ኢቲሞንላይን የእንግሊዝኛ ቃላትን የዘር ሐረግ የሚያሳይ፣ ዳግላስ ሃርፐር የጀመረው ድረ ገጽ ነው። ያለ ክፍያ ይነበባል። መበተንን በሚያመለክተው «ስትሩ» (strew) በሚለው ግስ ብትፈትኑት ብርታቱም ጉድለቱም ቶሎ ይታያል። (ፊደሉ «ስትረው» ሊያስብል ይችላል፤ አትሸወዱ።)

ቃሉን መፈለጊያው ላይ ጽፋችሁ ግሱን ክፈቱ። በቅድሚያ የጥንቱ እንግሊዝኛ «ስትሬዊያን»፣ ቀጥሎ ዘመዶቹ ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ የጀርመንኛው «ሽትሮየን» ነው፤ ኬክ ላይ የሚነሰነሰው ፍርፋሪ «ሽትሮይዝል» የተባለው ከዚሁ ነው። ከዚያ የኮከብ ምልክት (*) የቀደመው ሥር ይከተላል። ብዙ አንባቢ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ኮከቡ ቃሉ ተጽፎ እንዳልተገኘ፣ አጥኚዎች ዘመድ ቃላትን አነጻጽረው እንደደረሱበት ይናገራል።

ሥሩን ስትጫኑ ቤተሰቡ ይዘረገፋል። ገለባ የሚባለው «ስትሮ» አለ፤ መንገድ የሚባለው «ስትሪት» ደግሞ በላቲን በኩል፣ «የተነጠፈ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። «ስትሩ» ከገለባ ወጣ ብላችሁ ግን አትደምድሙ፤ ሁለቱ እኅትማማች ናቸው።

አጠቃቀሙን ለማወቅ ይህ ገጽ አይበቃም። ግሱ በአማርኛ አንድ ቋሚ አቻ የለውም፤ የሚወስነው የሚበተነው ነገር ነው። ቄጠማ ከሆነ ይጎዘጎዛል፣ አበባ ይነሰነሳል፣ ወረቀት ይበተናል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 21፥8 ለዛፉ ቅርንጫፍም፣ በ25፥24 ለባለ መክሊቱ ጌታም ይህንኑ ግስ በቀድሞ አጻጻፉ ይጠቀማል። አማርኛው ግን የመጀመሪያውን «ማንጠፍ»፣ ሁለተኛውን «መበተን» ይለዋል። ግሪክኛውም በሁለት ግሶች ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው እንዲያውም የ«ስትሩ» ዘመድ ነው። ሁሉንም «በተነ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቄጠማውን ቆሻሻ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። ኃላፊ ጊዜው «ስትሩድ» ነው፤ «ወለሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል» ለማለት ግን በብዛት የሚሠራው «ስትሩን» ነው፣ «ዊዝ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር።