የሚረጭ የመኪና ዋክስ በደብረ ብርሃን ጤዛ ሲፈተን

መኪናዬ የምታድረው ደጅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ላሜራው ሙቀቱን ይለቅና ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጤዛ በጤዛ ነው። ይህን የሚረጭ ዋክስ የገዛሁት ሻጩ «ውሃ የሚባል አያስነካም» ስላለኝ ነው። ወሬ ነው! ዋክስ ላሜራውን አያሞቀውም፤ ጤዛው እንደ ድሮው ያርፍበታል። የሚለወጠው ቅርጹ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የኮፈኑን ግማሽ ብቻ ቀባሁት። ባልተቀባው በኩል ውሃው ተንጣሎ ስስ ሽፋን ይሠራል። በተቀባው በኩል ግን እንደ ሽምብራ ድብልብል ብሎ ይቆማል። ጠብታው ከላሜራው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ እንዲህ ነው። ትንንሾቹ ጎረቤቶቻቸውን እየዋጡ ያድጋሉ፤ ሲከብዱ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። በርና ጎኑ ላይ ግሩም ነው።

ጣሪያው ግን ሜዳ ስለሆነ ጠብታው እዚያው ደርቆ አቧራውን ክብ ክብ አድርጎ ይተወዋል። ጥቁር መኪና ያላችሁ ትናደዳላችሁ። የኔዋ ነጭ ናት፣ ተመስገን።

ፀሐይ ላይ አትቀቡት፣ ዥንጉርጉር ይላል። ሲያልቅ ድጋሚ እገዛለሁ፤ የሻጩን ወሬ ግን አልሰማም።