«ጂፒኤስ አለው» ተብላችሁ ቴሌስኮፕ እንዳትገዙ

ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ስድብ ካመለጠኝ ይቅርታ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። የገበያ ማዕከል ቤዝመንት፣ ካሜራና ድሮን ድርድር፣ «ቀጥታ ከዱባይ ነው ብሮ» የሚል ልጅ። ደረሰኝ ሲሉት ማሽኑ የሚበላሽበት።

ባለሞተሩን ቴሌስኮፕ ተስማምተን ልከፍል ስል «ይቺን ጂፒኤስ ጨምርባት፤ ቦታህንም ሰዓትህንም ራሷ ከሳተላይት ትስባለች» አለኝ። 14,000 ብር ተጨማሪ። ጓጓሁ። ቴሌስኮፕ አቅጣጫ የሚያዝባት ሰሜን ኮከብ አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ዛፍ ወይ ኮረብታ ይጋርዳታል። ቴሌስኮፑ ያለበትን ቦታና ሰዓት በትክክል ካላወቀ አቅጣጫ ማስያዝ መከራ ነው።

ልጁ የቴሌስኮፑን ሪሞት ይዞ ጀርባውን ሰጠኝ። ጠቅ ጠቅ አደረገና ዞሮ አሳየኝ። «አዲስ አበባ» ይላል። «አየህ? ያዘች!» እኔ ሞኙ ማጨብጨብ ነው የቀረኝ። ቤዝመንት ውስጥ እኮ ነን! ከላያችን አምስት ፎቅ ኮንክሪት አለ። 20,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት በየት በኩል ገብቶ ነው በሦስት ሴኮንድ የሚያዘው? እዚያ እኮ ስልኬ እንኳ ኔትወርክ የለውም ነበር።

ቅዳሜ አዋሽ ወረድኩ። ከከተማው ወጣ ብዬ ተከልኩት። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናቴ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) አሳየኝ ብዬ አዘዝኩት። ሞተሩ እየጮኸ ዞረ፣ ዞረ፣ ወደ ምዕራብ አዘቀዘቀና አንዲት ግራር ላይ አነጣጥሮ ቆመ። ሪሞቱን ባየው አሁንም «አዲስ አበባ» ይላል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጥቻለሁ! ሰዓቱን አየሁት፤ 2:10። የእጅ ሰዓቴም 2:10። «ሰዓቱስ ልክ ነው» ብዬ ለአፍታ ተጽናናሁ። ከዚያ ነው የበራልኝ። ሳተላይት ከመቼ ወዲህ ነው በሐበሻ ሰዓት የሚቆጥረው? በፈረንጅ ከምሽቱ 8:10 ማለት ነበረበት። ልጁ ከተማውን ከዝርዝር መርጦ፣ ሰዓቱን ከእጁ ላይ አይቶ ነው የሞላው። ቦታው ብቻ ቢሳሳት የጨረቃን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይስታል፤ እሱ በእጅ ይስተካከላል። ሰማይ ግን በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። የ6 ሰዓት ስህተት 90 ዲግሪ ነው።

ሰኞ ተመለስኩ። ጂፒኤስ የተባለችውን እዚያው ፊቱ በካቻቢቴ ከፈትኳት። አንድ ቀይ መብራትና ሁለት ሽቦ። ልጁ ቅንጣት አላፈረም። «ብሮ፣ ኮከብ ለማየት አድራሻ ምን ያደርግልሃል? ቀና ብለህ እያት!» ሂሳብ ተቀባይዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በእስክሪብቶ ጠቆመችኝ።

አሁን ከስልኬ እያየሁ በእጄ እሞላለሁ፣ በነፃ። ሪሞቱ ቦታውን በዲግሪና በደቂቃ ነው የሚጠይቀው፤ ስልኩ የአዋሽን ኬንትሮስ 40.17 ካለ ከነጥቡ በኋላ ያለውን (0.17) በ60 አባዙት፤ 40 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓቱን በፈረንጅ፣ የሰዓት ቀጠናውን ፕላስ 3። ጂፒኤስ የግድ ካላችሁም ሻጩን ይዛችሁት ደጅ ውጡ።