«ልጅዎ በጭራሽ አያውቅም» የሚል የስልክ መከታተያ አፕ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ እፍረቱ ይበረታና ዝም እላለሁ። ነገሩ ያለቀው ከትናንት ወዲያ ማታ ነው። የዓመቱ ክፍያ ባንድ ጊዜ ከካርዴ ወጥቷል፣ የልጄ ስልክ ለስድስት ቀን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከርሟል፣ በምትኩ ያገኘሁት ዜሮ ነው። ዜሮ ቢሆንማ በወደድኩ፤ እሱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ልጆችና ስልክ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከፈለጋችሁ ወር ሙሉ በየሄዳችሁበት የሚከተሏችሁ ናቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ ላይ ያቀረቀረች ልጅ ፎቶ፣ ከሥሩ «ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ሁሉንም ያንብቡ»፣ ከዚያ «ቅናሹ ሊያበቃ 9 ደቂቃ ቀረው» እያለ ወደኋላ የሚቆጥር ሰዓት። ሰዓቱ ሲያልቅ ገጹን ብታድሱት እንደ አዲስ ከ9 ይጀምራል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ገዛሁ! «አሥሩ ምርጥ የወላጅ መቆጣጠሪያ አፖች» የሚሉትን ጽሑፎችም አንብቤ ነበር፤ ብዙዎቹ አንባቢ ሊንኩን ነክቶ በገዛ ቁጥር ኮሚሽን የሚቆረጥላቸው መሆናቸውን ከታች በትንሽ ፊደል ጽፈውታል። ትንሽ ፊደል የሚያነብ ማን አለ?

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ክፍሏ ውስጥ የስልክ መብራት አየሁና ደነገጥኩ። ጠዋት ስጠይቃት «ጓደኛዬ ናት» ብላ አለፈችኝ። እንደ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማውራት ሲገባኝ ካርዴን አወጣሁ።

ከከፈልኩ በኋላ የመጣልኝን መመሪያ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። አፑ ጎግል ፕሌይ ላይ የለም፣ ከራሳቸው ገጽ ነው የሚወርደው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ወላጅ ልጁን የሚከታተልበት አፕ እኮ ፕሌይ ላይ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው ራሱን መደበቁ ነው። እየተከታተለ መሆኑን የሚናገር ኖቲፊኬሽን ሁልጊዜ ማሳየት አለበት፤ ጎግል ደንቡን ያጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የኔዎቹ የሚሸጡት ደግሞ መደበቁን ራሱን ነው።

ልጄ ተኝታ ሳለች ስልኳን ይዤ ኩሽና ገባሁ። «ፕሌይ ፕሮቴክትን ያጥፉ።» ጎጂ አፕ የሚፈትሸው የጎግል ጥበቃ ነው፤ አጠፋሁ። «ካልታወቀ ምንጭ መጫንን ይፍቀዱ።» ፈቀድኩ። ስልኩ ራሱ ይህ ፋይል ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ ግድ የለም ጫን አልኩት። ኖቲፊኬሽን ማንበቢያ፣ ዲቫይስ አድሚን (አፑ በቀላሉ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ሥልጣን)፣ አክሰሲቢሊቲ፣ የጠየቀኝን ሁሉ እሺ። አክሰሲቢሊቲ ማለት ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸው ስክሪኑን እንዲያነብላቸው የተሠራ ፈቃድ ነው። እሱን የያዘ አፕ ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብ ይችላል፣ በእናንተ ቦታ ሆኖም ይጫናል፤ የባንክ አካውንት የሚዘርፉ ቫይረሶች አጥብቀው የሚለምኑት ይህንኑ ነው። እኔ በሁለት ንክኪ ሰጠሁ። መጨረሻ ላይ አይኮኑ ጠፋ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም ሰርቪስ» የሚል ስም ለብሶ ቁጭ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ዳሽቦርዱን፣ ማለትም ከልጄ ስልክ የሚመጣውን የማይበትን ገጽ፣ ከፈትኩ። ዋትስአፕ ስነካ «ይህ አገልግሎት ሩት የተደረገ ስልክ ይፈልጋል» አለኝ። ቴሌግራምም እንደዚያው። ቲክቶክ «በቅርቡ ይጠብቁ»። ሎኬሽኑ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ሳለ ትናንት የነበረችበትን ያሳያል። ሩት ማድረግ ማለት ደግሞ የስልኩን የፋብሪካ ቁልፍ ሰብሮ መግባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋስትናው ሊቀር ይችላል፣ ብዙ የባንክ አፖችም አልከፈትም ይላሉ። ስገዛ ይህ ነገር የት ነበር ብዬ ተመለስኩ። ነበረች፤ ገጹ ግርጌ ላይ፣ ከኮከብ ምልክት አጠገብ።

የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፎቶ ጋለሪው። ይህን ያዙልኝ።

እስከ ስድስተኛው ቀን ታገስኩ። «በ14 ቀን ውስጥ ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚል ማኅተም የመሰለ ሥዕል አለ፣ በሱ ተማምኜ። ማታ ቻት ላይ ገባሁ። «ሲኒየር ስፔሻሊስት» ነኝ የሚል ሰው መጣ። ገንዘቤን እፈልጋለሁ አልኩት።

«እናዝናለን ውድ ደንበኛችን። መጀመሪያ አፑን ከስልኩ ላይ አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። አብዛኛው ችግር በዚህ ይፈታል።»

ልጄ ሻወር ቤት ነበረች። ስልኳን አንስቼ እንዳለኝ አጠፋሁ። እንደገና ልጭነው ስል «ፈቃድዎ በሌላ መሣሪያ ላይ በሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ነገርኩት። «አንድ ደቂቃ ይታገሱን» አለ። 22 ደቂቃ ቆየ። እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ ብቅ ይላሉ። የሻወሩ ውኃ ሲቆም ሰማሁ፤ ስልኳን ሮጬ ወደ ቦታው መለስኩና እንደ ሌባ እያለከለክሁ ተቀመጥኩ። ያኔ መልሱ መጣ።

«ውድ ደንበኛችን፣ መዝገባችን እንደሚያሳየው አፑን ዛሬ በራስዎ ፈቃድ ከስልኩ ላይ አስወግደዋል። የቴክኒክ ድጋፉ ሳይጠናቀቅ አፑን ያስወገደ ደንበኛ በውላችን መሠረት ገንዘቡ አይመለስለትም።»

ሦስቴ አነበብኩት። ወደ ላይ ሄጄ የራሱን መልእክት ቀድቼ መልሼ ላኩለት። አንቱታውን ትቼ «አጥፊው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አልኩት።

«ያ ምክር ነበር ውድ ደንበኛችን። ግዴታ አልነበረም።»

ከሥሩ ወዲያው «ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» አለና፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ስጽፍ መስኮቱ ተዘጋ። «ውይይቱ ተጠናቋል። እባክዎ ስፔሻሊስታችንን ደረጃ ይስጡት።» ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው ነገሩ። ያ ሰው ይህንን ዓረፍተ ነገር ለስንቱ ወላጅ ጽፎት ይሆን? ፍጥነቱን ብታዩት ከአንድ ቦታ ገልብጦ እንደሚለጥፍ ያስታውቃል። አጥፉት የሚለውም ምክር የወጥመዱ አካል ነው ባይ ነኝ፤ አፑ ስልኩ ላይ እንዳለ ዝም ብዬ ሪፈንድ ብጠይቅ ምን ምክንያት ይሰጠኝ ነበር?

ትናንት ደግሞ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። «እማ፣ ፕሌይ ፕሮቴክቴን ማን አጠፋው?» ሰሞኑን ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም ነበር፣ ይግላል፤ ቫይረስ የገባባት መስሏት ለጓደኞቿ ሁሉ «ከኔ ሊንክ ከመጣ እንዳትነኩ» ብላቸዋለች። ስድስት ቀን ሙሉ ስልኬን ሰው እየሰለለኝ ነው ብላ ፈርታለች። ሰው እኔ ነኝ። ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የሌሊት 7 ሰዓቷን ጓደኛ ጉዳይም ያኔ ነው የነገረችኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ የኔ አይደለም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ከመግዛቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን አነበብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቲንሴፍ የሚባል ለወላጆች የተሠራ አፕ እ.ኤ.አ. በ2018 የልጆችን የአፕል አካውንት (አፕል አይዲ) ከነፓስወርዱ ያለ ምንም መቆለፊያ ሰርቨር ላይ አስጥቶት ተገኘ፤ አፑ እንዲሠራ ደግሞ ወላጆች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርድ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን) እንዲያጠፉ ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት ፋሚሊ ኦርቢት የተባለው ሌላ የወላጅ አፕ ያከማቸው 281 ጊጋባይት የልጆች ፎቶና ቪዲዮ በቀላሉ ሊገኝ በሚችል ቁልፍ ብቻ ተዘግቶ ተገኘ። ስፓይፎን የተባለውን የስልክ መሰለያ አፕ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከክትትል አፕ ንግድ ጨርሶ አገደው፤ በስውር የሰበሰበውን መረጃም እንዲደመስስ አዘዘው። ይህ ሁሉ በአደባባይ ያለ ነገር ነው፤ እኔ ግን የዘጠኝ ደቂቃውን ሰዓት እያየሁ ነበር።

የግድ ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ላይ ፋሚሊ ሊንክ አለ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም አለ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። መልእክት አያነቡላችሁም፤ ሰዓት ይገድባሉ፣ ልጁ የሚያወርደውን አፕ ታጸድቃላችሁ፣ ልጁም መኖራቸውን ያውቃል። «በስልክ ቁጥር ብቻ እንከታተላለን» የሚሏችሁን ደግሞ አትስሟቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ልጁ ነክቶ ሲፈቅድ ብቻ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ሊንክ በኤስኤምኤስ መላክ ነው። እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ አፑን መጀመሪያ ከዲቫይስ አድሚን አስወጡትና አጥፉት፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን አብሩ፣ ፓስወርድ ቀይሩ፣ ካርዱ ላይ ያለውን የራስ ሰር እድሳት አቋርጡ። ሪፈንድ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ጠይቁ፤ እስከዚያ ምንም አታጥፉ፣ ስክሪንሾት አንሱ።

ፎቶዎቹን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከልጄ ስልክ ወደ እነሱ ሰርቨር የተገለበጡት 214 ናቸው። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የተነሳችው፣ የደብተሯ ገጾች፣ አንዱ ደግሞ እኔ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ያነሳችኝ። ዛሬ ጠዋት ልደመስሳቸው ዳሽቦርዱን ስከፍት «ፓኬጅዎ ተቋርጧል» አለኝ። ይደምስሱልኝ ብዬ ኢሜይል ላክሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፦ መረጃ መደምሰሻው ያለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፤ ዳሽቦርዱን ለመክፈት እባክዎ ፓኬጅዎን ያድሱ።