ለባለቤቴ የመረጥነው ስድስት ጎራሽ፦ ከአንድ የቡና ወቅት አገልግሎት በኋላ

ባለቤቴ በስሟ ፈቃድ አውጥታ የያዘችው ሽጉጥ ባለ 4 ኢንች አፈሙዝ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚጎርስ ሽጉጥ) ሲሆን፣ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ በእጇ ይገኛል። በአጋሮ መንገድ ያለውን የቡና ማድረቂያችንን የምታስተዳድረው እርሷ ናት፤ ለቀማው በሚጦፍበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜም ብዙ ሌሊት የምታድረው እዚያው ከጥበቃ ሠራተኞቹ ጋር ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ መሣሪያውን በዝናቡም በአቧራውም ካየነው በኋላ የተጻፈ ነው።

በጅማና በአካባቢዋ ለሴት የሚሆን ሽጉጥ ሲነሳ፣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠቁመው ትንሿንና ቀላሏን ነው። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ለተኳሿ አይበጅም። አንድ ዓይነት ጥይት ከሁለት መሣሪያዎች ሲተኮስ ቀላሉ የበለጠ ይራገጣል፤ ርግጫውን የሚያበርደው የብረቱ ክብደት ነውና። አምስት ጥይት የሚጎርሱት፣ ባለ 2 ኢንች አፈሙዝና አካላቸው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ሪቮልቨሮች ከግማሽ ኪሎ በታች ይመዝናሉ፤ ለኪስ የተመቹ ቢሆኑም ነጥብ 38 ስፔሻል ጥይት ሲተኮስባቸው መዳፍን ክፉኛ ይመታሉ፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያቸው ስለሚቀራረብም ትንሽ የእጅ መዛነፍ ኢላማው ላይ ትልቅ ስሕተት ሆኖ ይወጣል። ሞዴል 10 ግን ባዶውን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በፈረንጆች 1899 ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ በሚል ስም ወጥቶ በ1957 የአሁኑን መጠሪያ ያገኘ፣ በብዙ አገር ፖሊሶች ወገብ ላይ ለአሥርት ዓመታት የኖረ መሣሪያ ነው። ይህን ያህል የቆየው ስለሚያምር አይደለም፤ መካከለኛ እጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊለምደው ስለሚችል ነው።

ምርጫው የእርሷ እንዲሆን ከመጀመሪያው ተስማምተን ነበር፤ የእኔ ድርሻ መጠየቅና ማየት ብቻ ሆነ። እርሷም የምትፈልገውን ባጭሩ ነገረችኝ፦ «እጄ ውስጥ ሲገባ የማይዋልል ይሁን፤ ሌላው ይለመዳል።» ይህን ለማወቅ ደግሞ መተኮስ አያስፈልግም። ባዶነቱ ደጋግሞ የተረጋገጠ ሽጉጥ አፈሙዙ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ዞሮ ሲያዝ፣ መዳፏ ከእጀታው ጀርባ ጋር እንደተጣበቀ የሌባ ጣቷ ጫፍ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። ምላጩን ለመድረስ ሽጉጡን በመዳፏ ውስጥ ማዞር ካስፈለጋት፣ ያ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢወደድ ለእርሷ አይሆንም። ሞዴል 10 እጃችን ሲገባ የነበረበት የእንጨት እጀታ የብረቱን ጀርባ ጭምር የሚሸፍን ወፍራም ነበር፤ ጀርባውን ገልጦ በሚተወው ቀጭን እጀታ ሲለወጥ ጣቷ በትክክል ቦታውን ያዘ። ከወጪዎቹ ሁሉ አነስተኛው ይህ ነበር፤ ለውጡ ግን ከሁሉም የበለጠ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቀጣዩ ጉዳይ የምላጩ ክብደት ነው። መዶሻው አስቀድሞ ካልተወጠረ፣ አንዱ ስበት ከበሮውን ማዞርንም መዶሻውን ማንሳትንም ስለሚሸከም አምስት ኪሎ ገደማ ኃይል ይጠይቃል። መዶሻው በአውራ ጣት ከተወጠረ ግን ከሁለት ኪሎ ያነሰ ይበቃዋል፤ በድንጋጤ ጊዜ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ያሠለጠኗት ጡረተኛ የፖሊስ ባልደረባ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በከባዱ ስበት ብቻ አለማመዷት። «ልጄ፣ አትመንጭቂው፤ ቀስ ብለሽ ጭመቂው» ይሏት ነበር። በተፈቀደው የተኩስ ሜዳም እርሷ ሳታይ በእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ያስገቡ ነበር። ሐሰተኛው ጥይት ሲደርስ መዶሻው «ቀጭ» ብሎ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ እጅ ርግጫውን ፈርቶ አፈሙዙን ወደ ታች ገፍቶት እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ለንጽጽር በተዋሰችው ትንሽ ሽጉጥ አፈሙዙ በየጊዜው ይደፋባት ነበር፤ በሞዴል 10 ግን፣ በተለይ ርግጫው ለስላሳ በሆነው የኢላማ ጥይት፣ ከጥቂት ልምምድ በኋላ ቀጥ ብሎ መቅረት ጀመረ። ለአንድ ሰው የሚስማማውን መሣሪያ ከዚህ የበለጠ የሚለይ ፈተና አላየሁም።

ጅማ ለጠቆረ ብረት የምትመች ከተማ አይደለችም። ዝናቡ ብዙ ነው፤ እርጥበቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ከቤት አይወጣም። የቆዳ ማህደር እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ፣ ሽጉጡ ውስጡ ካደረ ከአፈሙዙ ጎንና ከከበሮው ጠርዝ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ለማውጣት ብዙ ቀን አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት ማህደሩ የሚያገለግለው ወገብ ላይ ሲታጠቅ ብቻ ነው፤ ሲወልቅ ሽጉጡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ስስ የመሣሪያ ዘይት ይቀባል፣ ከዚያም ይቆለፍበታል። የላብ ጨው ከዝናብ ይልቅ ብረት ስለሚበላ፣ በለቀማው ሰሞን ይህን ማታ ማታ ታደርገው ነበር። እስካሁን ዝገት አልያዘውም።

ልጆች ባሉበት ቤት ያለ ቁልፍ ሽጉጥ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው። ሪቮልቨር እዚህ ላይ የሚመሰገን ነገር አለው፦ ከበሮው ተከፍቶ ጥይቶቹ ከወጡ በኋላ፣ በተከፈተው የብረት አካል መካከል የቁልፍ ቀለበት ከገባ ሊዘጋም ሊተኮስም አይችልም። ጥይቱ በሌላ ሣጥን ይቀመጣል፤ የሁለቱም ቁልፍ ከእርሷ አይለይም። ፈቃዱም በእርሷ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፣ ባል ነኝ ብዬ ይዤው አልወጣም።

ጉድለት አለው። አንድ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ሲውል ይከብዳል፤ ሰፊና ጠንካራ ቀበቶ ከሌለ ይንጋደዳል፣ በነጠላ ሥር ለመሸፈንም አይመችም። ቀለሁን ስታወጣ አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንታ ማውጫውን በመዳፏ አንድ ጊዜ በኃይል መምታት አለባት፤ አለዚያ ያልተቃጠለ ባሩድ ከማውጫው ሥር ገብቶ ከበሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ስስ ክፍተት በኩል ትኩስ ጋዝ ስለሚወጣም፣ የግራ እጅ ጣት ወደ ፊት እንዳያልፍ ተግታ ተለማምዳለች። የፊት ማነጣጠሪያው ጥቁር በመሆኑ ደግሞ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ይጠፋል፤ ለዚህ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች፣ የማጽጃው ፈሳሽ ባጠበው ቁጥርም እንደገና ትቀባዋለች።