ለሱቅ መብራት የቱ ያዋጣል፦ ኤልኢዲ፣ ፍሎረሰንት ወይስ የድሮው አምፖል?

ሱቅ የሚከፍት ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ከደሴ ፒያሳም ከሸዋ በርም ይደወላል፣ ከኮምቦልቻም ይደወላል። "ፍሎረሰንት ላስገባ ወይስ ኤልኢዲ?" ሥራዬ መብራት መዘርጋት ስለሆነ መልሱን አንዴ ልጻፈው። ኤልኢዲ ግዙ። ግን ደህናውን። ርካሹን ኤልኢዲ ከምትገዙ ያለውን ፍሎረሰንት ባትነኩት ይሻላል።

መጀመሪያ ብሩን እናስላ። ባለ 60 ሻማው የድሮ አምፖል 60 ዋት ይበላል፣ አብዛኛውንም ሙቀት አድርጎ ነው የሚያባክነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ያህል ያበራል። ሱቃችሁ በቀን 12 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን መብራት የሚያበራ ከሆነ ልዩነቱ በአንድ አምፖል ብቻ በወር ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ኪሎዋት ሰዓቱን 5 ብር ብንይዘው 80 ብር ማለት ነው። አምስት አምፖል ካላችሁ በወር 400 ብር ወጣ። የእናንተን ትክክለኛ ዋጋ ከቢላችሁ ላይ አውጡት፣ የቆየ ቢል ግን አትያዙ፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ነው የመጣው።

ፍሎረሰንቱ ከዚህ ይሻላል። ቢሆንም 36 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ረጅሙ ቲዩብ የሚበላው 36 ብቻ አይደለም፣ ከቲዩቡ ጋር ተገጥሞ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረው የድሮው ባላስት ከ6 እስከ 10 ዋት ይጨምርበታል። በ18 ዋት ኤልኢዲ ቲዩብ ብትቀይሩት በዚያው ስሌት በአንዱ ቲዩብ በወር 40 ብር ገደማ ይተርፋል። አሥር ቲዩብ የደረደረ የጨርቅ ሱቅ ይህን በአሥር ያባዛው። የፍሎረሰንት አንድ ጥቅም ቲዩቡን የሚያስነሳው ስታርተር ሲበላሽ ስታርተሩን ብቻ፣ ባላስቱ ሲቃጠል ባላስቱን ብቻ መቀየር መቻሉ ነው። ግን ውስጡ ሜርኩሪ አለ፣ ሲሰበር አደጋ ነው፤ ሲያረጅ ደግሞ ብልጭ ድርግም እያለ ደንበኛን ያማርራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ኤልኢዲ ገዝቶ የሚናደደው በኤልኢዲነቱ አይደለም፣ በፎርጅዱ ነው። ወላሂ፣ ማሸጊያው ላይ 20 ዋት ተብሎ ስንለካው ግማሹን የማይሞላ አምፖል ብዙ አይቻለሁ። ርካሾቹ ውስጥ ደህና ድራይቨር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለአምፖሉ የሚመጥን ዕቃ፣ የለም፤ ያሉት አንዲት ካፓሲተርና ብርሃን የሚሰጡ ጥቂት ቺፖች ብቻ ናቸው፣ እኛ አገር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ሊመጣ ስለሚችል ያን ጊዜ ድብን ይላሉ። ሂሳቡን እዩት፦ ርካሹ 100 ብር ቢሆንና ሦስት ወር ቢቆይ በሁለት ዓመት ስምንት ጊዜ ትገዛላችሁ፣ 800 ብር። የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው 250 ብር ቢሆን እንኳ የቱ ነው የተወደደው?

ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። ደህናው ሙቀት የሚያወጣበት አሉሚኒየም ስላለው ከበድ ይላል። ሉመኑ፣ ማለትም የብርሃኑ መጠን፣ የተጻፈበትን ፈልጉ፣ ባለ 9 ዋቱ 800 ገደማ መሆን አለበት። እዚያው ሱቁ ውስጥ አብሩትና በስልካችሁ ካሜራ እዩት፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር እየሄደ ከታየ መብራቱ ይርገበገባል። ልብስ ሰፊና ፀጉር አስተካካይ በዚህ ሥር ሲውል ዓይኑን ያመዋል።

ሲበላሽ ይሠራል ወይ? አዎ፣ ግን አያዋጣም። ቺፖቹ በተርታ ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋል። የተቃጠለችዋ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ጠጋኙም እሷን ሾርት አድርጎ ያበራላችኋል። የቀሩት ላይ ግን ጫናው ሊጨምር ይችላል፣ ብዙ ሳይቆይ ሌላዋ ትከተላለች። ጥገና የሚያዋጣው ለትልልቁ ፓውዛ ነው።

ፓውዛ ካነሳን፣ መጋዘን ወይም ጋራዥ ያላችሁ ከዚያ ጀምሩ። ባለ 500 ዋቱ የድሮ ፓውዛ፣ ሃሎጅን የሚባለው፣ ሌሊቱን 12 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 100 ዋት ደህና ኤልኢዲ በ1.2 ያድራል።

እንደ ኮምቦልቻና ባቲ ሞቅ ያለ ቦታ ያላችሁ ደግሞ አምፖሉን በተዘጋ መስታወት ውስጥ አትክተቱት። ኤልኢዲን ሙቀት ይገድለዋል።

የጨርቅ ሱቅና ሥጋ ቤት ቀለሙንም አስቡበት። ማሸጊያው ላይ የብርሃኑ ቀለም በቁጥር ይጻፋል፤ 6500 የሚለው ነጩ ሰማያዊ ያጠላል፣ ደንበኛው ጨርቁን ይዞ ወደ በር ወጥቶ ማየት ይጀምራል። 4000 የሚለው ይሻላል፣ ሲአርአዩ (CRI)፣ ማለትም ቀለምን በትክክል የማሳየት ነጥቡ፣ ከ80 በላይ ይሁን።

በድሮ ፍሎረሰንት ማቀፊያ ላይ ኤልኢዲ ቲዩብ የምትገጥሙ፣ ዝም ብላችሁ አትሰኩት። ስታርተሩ ይውጣ፣ ቲዩቡ ያለ ባላስት የሚሠራ ከሆነም ባላስቱ ከመስመሩ ይነቀል። አንዳንዱ ቲዩብ መብራት የሚቀበለው በአንድ ጫፍ ነው፣ አንዳንዱ በሁለቱም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል ሳያዩ መግጠም ሾርት ያመጣል። ባለሙያ ጥሩ።

ሁሉንም ባንድ ቀን ለመቀየር ብር ካነሰ አብሽሩ። ቀኑን ሙሉ የሚበሩትን ቀይሩ፣ ዋስትናውን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። የሽንት ቤቱንና የጓዳውን አምፖል እስኪቃጠል ተዉት።